እግሩ ይታጠባል፤ ሰውየውስ?



ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ የሠራ ሐኪም የዝሆኔ ሕመምተኛ ሳያይ አልቀረም። በደጋው ወለጋ በሽታውን የሚያመጣው በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ አፈር ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቫዝሊን መቀባትና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ይኼን ሁላችንም እንመክራለን።

ግን ጎረቤት ቡና የማይጠራት እናት ለማን ብላ ትታጠብ? ድብርት ሲገባት ሳሙናውን ትተወዋለች፤ ቁስሉ ይብሳል፤ ሰውም የባሰ ይሸሻታል።

ስለዚህ እግሯን ስታዩ በቋንቋዋ ጠይቋት፦ «እማማ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው? ቡና ከማን ጋር ይጠጣሉ?» ሕይወቷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነም ጠይቁ፤ መጠየቅ እኮ ሐሳቡን አይተክልም። ጎረቤቶቿንም ጠርታችሁ በሽታው እንደማይጋባ ንገሯቸው። ይኼም ሕክምና ነው።