አንቡባው ውስጥ ያለው አንድ ጋዝ አይደለም
(በዓርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)



የጥር ብርድ ሲገባ ምድጃው ይደክማል። አንቡባውን ስንወዘውዘው ውስጡ ገና ፈሳሽ አለ፤ እሳቱ ግን የሻማ ያህል ነው። ማዳም «ቶሎ በይ» ትላለች። ያኔ አንቡባውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እናቆመዋለን ወይም እናጋድመዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ዛሬ ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ።

በአንድ ስም እንጥራው እንጂ ውስጡ ድብልቅ ነው፤ በዋናነት ፕሮፔንና ቡቴን። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ ቀለል ያለው ፕሮፔን ቶሎ ቶሎ እየተነነ ይወጣል፤ ወደ መጨረሻው ቡቴኑ ይበዛል። ብርድ ሲጨመርበት እሳቱ ይደክማል።

የሁለቱ መጠን በምን ይታወቃል? ላቦራቶሪ ውስጥ ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል መሣሪያ አለ። ዘዴውን በ1952 ያሳወቁት ጄምስና ማርቲን የተባሉ የብሪታንያ ሳይንቲስቶች ናቸው። በእረፍት ቀናችን ሁለት ጓደኛሞች ከኮርባ ወደ ሮክሲ አብረው ቢነሱ፣ አንዷ በየሱቁ መስኮት ብትቆም፣ ሌላዋ ቀጥ ብላ ብትሄድ፣ ማን ቀድማ ትደርሳለች? እዚያም እንዲሁ ነው። ትንሽ ናሙና ረጅምና ቀጭን ጥቅልል ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ሄሊየም ያለ ጋዝ ይገፋዋል። ፕሮፔን ቱቦው ብዙም ስለማይዘው ቀድሞ ይወጣል፤ ቡቴን እየቆመ ይዘገያል። መውጫው ላይ ያለው መለኪያ ለእያንዳንዱ አንድ ጉብታ ይስላል። የወጣበት ደቂቃ ማንነቱን ይናገራል፤ የጉብታው ስፋት፣ አስቀድሞ መጠኑ ከታወቀ ድብልቅ ጋር ሲተያይ፣ ስንት እንደሆነ ይናገራል።

እኛ ጋ ይህ መሣሪያ የለም። አፍንጫም አይተካውም፤ የሚሸተን ጋዙ ራሱ ሳይሆን፣ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረበት ሽታ ነው። ስለዚህ እሳቱ ሲደክም አንቡባው ይቀየር። ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ በጎማው ይወጣና ምድጃው ላይ ይነዳል።

ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። አንቡባውን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ፤ ውጭ ሆናችሁ ወደ እሳት አደጋ 180 ደውሉ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ወለል ላይ የምንተኛ ይህን አንርሳ።

የማዳም ቁጣ ያልፋል። የእሳት ጠባሳ ግን አገር ቤት ድረስ አብሮን ይገባል።