ሲፈርም የኖረው ጣት ይጠይቅ፦ በጣት የሚነካና በሥዕል የሚሠራ ኮምፒውተር ለኅብረት ሥራ አባል ያለው ተስፋ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







መግቢያ

አንድ አባል ምርቱን በአህያ ጭኖ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ያመጣል። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ መዛኙ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ካርኒ ይቆረጣል። በመጨረሻም አባሉ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ማንበብ የማይችል ከሆነ የፈረመበትን አያውቀውም። ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ «ስንት ኪሎ ሆነ?» ብላ ብትጠይቀው የሚመልስላት ሌላ ሰው የነገረውን ነው።

ጸሐፊው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ናቸው። ችግሩ ሐቀኛ የሆነውም ቢሆን ሐቀኝነቱን ለአባሉ የሚያሳይበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ከገባ ደግሞ አባሉ ለነጋዴ መሸጥ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ ይከተላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለለት ድር የሚላላው ከዚህ ነው።

በጣት ስለሚነካና ሥዕል እያሳየ ስለሚሠራ ኮምፒውተር ሲወራ «ይህ ለአርሶ አደር ምን ያደርግለታል?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ጉዳዩ ግን የዚያው የአውራ ጣት ጉዳይ ነው። ሳያነብ ሲፈርም የኖረው ጣት በአዲሱ ስክሪን ላይ «የኔ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቂያ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ስክሪኑ ወደ አባሉ ሲዞር ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ከኪቦርድ ወደ ጣት

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮምፒውተር በመጀመሪያ የሚታዘዘው በተበሳሳ ካርድ፣ በኋላም በኪቦርድ በሚጻፍ ትእዛዝ ነበር። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ማሽኑ ሥራውን አይሠራም። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ የተማረ ሰው፣ ያውም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል።

በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር በቀጥታ መሣል የሚያስችል ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ። በ1968 ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን ለሕዝብ አሳየ። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል የሚጻፈውን ትእዛዝ ስክሪን ላይ በሚታዩ ሥዕሎችና በማውስ የሚተካ ኮምፒውተር ሠራ። የአፕል ኩባንያ በ1984 ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒውተር ለገበያ ሲያቀርብ ይኸው አሠራር ወደ ብዙ ሰው ደረሰ።

በተለምዶ ተች ስክሪን የሚባለው በጣት የሚነካ ስክሪንም የትናንት ነገር አይደለም። በ1965 ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የበረራ ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን ስክሪን በመንካት እንዲያቀሉ የሚያስችል ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቦ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሌቶ በተባለው የማስተማሪያ ኮምፒውተር ተማሪዎች መልሳቸውን ስክሪኑን በመንካት ይሰጡ ነበር። ሆኖም ነገሩ በስፋት ወደ ሰው ኪስ የገባው አይፎን በ2007፣ በአንድሮይድ የሚሠሩ ስልኮች ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ለገበያ ከቀረቡ በኋላ ነው። ከጆንሰን ጽሑፍ እስከ አይፎን ከ40 ዓመት በላይ አልፏል።

ለአማርኛ ተጠቃሚም አንድ ተጨማሪ ጥቅም ተገኝቷል። የግዕዝ ፊደል ከ200 በላይ ሆሄያት ስላሉት ለእንግሊዝኛ በተሠራ ኪቦርድ ላይ አልበቃ ብሎ ሲያስቸግር ኖሯል። ፊደሉ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ገባ። ተች ስክሪን ሲመጣ ደግሞ ኪቦርዱ ራሱ ሥዕል ሆነ፤ «በ»ን ለነካ ሰው «ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» ተደርድረው ሊቀርቡለት ቻሉ።

ስክሪኑ ጣትን የሚያውቀው እንዴት ነው?

በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው ዘመናዊ ስልክ ከመስተዋቱ ጋር ዓይን የማያየው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ንጣፍ አለው። የሰው ገላም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣት ሲያርፍበት በዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ መጠን ይለወጣል። ማሽኑ የተለወጠውን ቦታ ለይቶ ጣቱ የት እንዳረፈ ያውቃል። ሌላው ዓይነት በግፊት የሚሠራ ሲሆን ሁለት ስስ ንጣፎች ሲነካኩ ቦታውን ይለያል፤ በጥፍርም ሆነ በእንጨት ጫፍ ቢነካ ይሠራል።

ይህ ልዩነት ለአርሶ አደር ቁም ነገር አለው። ሞፈርና ዶማ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ቆዳው ይደነድናል። የደነደነና የደረቀ ጣትን የመጀመሪያው ዓይነት ስክሪን አንዳንድ ጊዜ አያውቀውም። ጣቱ ወይም መስተዋቱ እርጥብ ከሆነም ይሳሳታል። እንዲህ ሲሆን አባሉ «እኔ አላውቅበትም» ብሎ እጁን ይሰበስባል፤ ጥፋቱ ግን የስክሪኑ እንጂ የእርሱ አይደለም። ዕቃ የሚገዛ ኮሚቴ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከሕንድ የወተት አምራቾች የሚገኝ ትምህርት

በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጅራት ግዛት፣ አናንድ በምትባል ከተማ በ1946 የተመሠረተ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ። ምርቱ አሙል በሚል ስም ይታወቃል። አደረጃጀቱ ለኢትዮጵያ አባል እንግዳ አይሆንም፦ በየመንደሩ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከበላዩ ዩኒየን፣ ከዚያም ፌዴሬሽን ነው። ጥቂት ከብት ያላቸው አባላት ጠዋትና ማታ ወተት ይዘው ይሰለፋሉ።

ቀድሞ ወተቱ ተለክቶ ናሙና ይወሰድ ነበር። የስብ መጠኑ የሚመረመረው ቆይቶ፣ ሒሳቡም የሚሠራው በእጅ ስለነበረ ክፍያው በየ10 ቀኑ ነበር። አባሉ የተነገረውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በብዙ መንደሮች አሠራሩ ተለወጠ። አባሏ የመታወቂያ ካርዷን ማሽኑ እንዲያነበው ታስቀምጣለች። ወተቱን ሚዛን ላይ በተቀመጠ የብረት ዕቃ ውስጥ ትገለብጣለች፤ ክብደቱ ወዲያው ፊት ለፊቷ በቁጥር ይበራል። ሠራተኛው 5 ሚሊ ሊትር ናሙና ወስዶ በማሽን ሲለካ የስቡ መጠንም በቁጥር ይታያል። ኮምፒውተሩ ሒሳቡን ሠርቶ ወረቀት ያወጣል፤ ክፍያውም እዚያው ሊፈጸም ይችላል። ፊደል ያልቆጠረ ብዙ ሰው የብርና የሚዛን ቁጥር ይለያል፤ ስለዚህ ያ የበራ ቁጥር ለአባሏ በቂ ነው።

በዚያው አገር የካርናታካ ግዛት መንግሥት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ የመሬት መዝገቦችን በ2000 አካባቢ ከመንደር ጸሐፊዎች እጅ ወደ ኮምፒውተር አዛወረ። በአገልግሎት መስጫው ሁለት ስክሪኖች ነበሩ፤ አንዱ ለሠራተኛው፣ ሌላው ወደ ገበሬው የዞረ። ሠራተኛው የሚጽፈውን ገበሬው ይከታተላል። የዚህ ሁለተኛ ስክሪን አገልግሎት ማሳየት ብቻ ነው፤ ለአባሉ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሥዕል ሁሉ አይነበብም

ሥዕል ለሁሉ ግልጽ ነው የሚል እምነት አለ። ትክክል አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች «አስቀምጥ» ለማለት የሚጠቀሙበት ሥዕል ዛሬ ከአገልግሎት የወጣ የፍሎፒ ዲስክ ሥዕል ነው። ፍሎፒ አይቶ ለማያውቅ ሰው ይህ አንድ አራት ማእዘን ነው። ደብዳቤ ተልኮለት ለማያውቅም የፖስታው ሥዕል እንዲሁ ነው።

በሕንድ ባንጋሎር በሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ማእከል ኢንድራኒ ሜዲና ባልደረቦቿ ከ2005 አካባቢ ጀምሮ ማንበብ ከማይችሉ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ጽሑፍ የሌለበት ስክሪን ሞክረዋል። ዕቃውን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ሥራውን ላያስረዳ እንደሚችል ተገነዘቡ፤ ድርጊቱ፣ ለምሳሌ ከቧንቧ የሚፈስ ውሃ፣ ሲጨመርበት ግን ይገባል። ሥዕሉ ሲነካ በሰሚው ቋንቋ የሚናገር ድምፅም ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ መሣሪያው ለምን እንደተሠራ የሚያሳይ አጭር ፊልም አስቀድሞ ለሚያይ ሰው አጠቃቀሙ ይቀለዋል።

እዚህ ቢሠራ የጆንያ ሥዕል ብቻውን «ያስገባሁት ምርት» ወይም «የምገዛው ማዳበሪያ» መሆኑ አይለይም። ጆንያ ተሸክሞ ወደ መጋዘን የሚገባና ከመጋዘን የሚወጣ ሰው ቢሣል ግን ልዩነቱ ይታያል።

በኢትዮጵያ የታየው

«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2012 እንደተናገሩት አንድ ሕፃን በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። ይህ የድርጅቱ የራሱ ምስክርነት ነው፤ ስክሪን መክፈትም ማንበብ ማለት አይደለም። ሆኖም ፍርሃት የሌለበት ጣት ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳያል።

ለአዋቂው ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። የቀድሞው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 ያስጀመረው 8028 የስልክ መስመር አርሶ አደሩ ቁጥር እየተጫነ የእርሻ ምክር በድምፅ እንዲሰማ አድርጓል። ለዚህ ተራ ባለቁልፍ ስልክ ይበቃል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅትም የአካባቢው አርሶ አደሮች ራሳቸው የሚታዩባቸውን አጫጭር ፊልሞች በባትሪ በሚሠራ አነስተኛ ፕሮጀክተር በቡድን ማሳየትን ከልማት ሠራተኞች ጋር ሠርቷል። አርሶ አደሩ የራሱን ዓይነት ማሳና የራሱን አነጋገር ሲያይ ያምናል፤ ፊልሙ ቆሞ ውይይት ሲደረግ ደግሞ ያስታውሳል።

ማኅበራት ምን ያድርጉ?

በቅድሚያ ስክሪኑ ወደ አባሉ ይዙር። ውድ ፕሮግራም ከመግዛት በፊት ከሚዛኑ ጋር የተገናኘ፣ ቁጥሩን በትልቁ የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ ብዙ ጥርጣሬ ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ በየጊዜው ይፈተሽ። ሚዛኑ ከተዛባ ስክሪኑም የተዛባውን አሳምሮ ያሳያል። የቁጥጥር ኮሚቴው ክብደቱ የታወቀ ድንጋይ አባላት ባሉበት ሚዛን ላይ እያወጣ ያሳይ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ማንበብ በማይችሉ አባላት ይሞከር። ጸሐፊው ስለቻለበት ሁሉም ይችላል ማለት አይደለም። በተለይ የቤተሰብ ኃላፊ የሆኑ ሴቶችና አረጋውያን በሙከራው ይግቡ።

አራተኛ፣ የአባል ሒሳብ የአባሉ ምስጢር ነው። የዕለቱ ክብደት በይፋ ቢታይ መልካም ነው፤ ያለው ቁጠባና ዕዳ ግን ለተሰለፈው ሁሉ መታየት የለበትም። የምስጢር ቁጥሩን ለጸሐፊው ወይም ለጎረቤት የሚሰጥ አባል በአውራ ጣቱ ሳያነብ ከሚፈርመው አይሻልም።

አምስተኛ፣ የወረቀቱ ካርኒ አይቅር። መብራት ይጠፋል፣ መስተዋት ይሰበራል፣ አቧራ ይገባል። ማሽኑና ወረቀቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያወጣል።

ማጠቃለያ

የኮምፒውተር ሰዎች ከ60 ዓመት በላይ የደከሙት ማሽኑን ወደ ሰው ለማቅረብ ነው። ከካርድ ወደ ኪቦርድ፣ ከኪቦርድ ወደ ማውስ፣ ከማውስ ወደ ጣት ደርሷል። ከመጋዘኑ በር እስከ አባሉ ዓይን ያለችውን የመጨረሻዋን እርምጃ ግን የትኛውም ፋብሪካ አይሠራትም። እርሷ የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ናት። ስክሪኑ ወደ ጸሐፊው ብቻ ከዞረ አዲሱ ማሽን የድሮውን መዝገብ በመብራት ያስጌጠ ይሆናል።

«ያልተገላበጠ ያራል» ይባላል። ሒሳብም እንዲሁ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ ስለ ኮምፒውተር ግዢ ሲነሳ አንድ አባል እጁን አውጥቶ «ስክሪኑ ወደ ማን ይዞራል?» ብሎ ይጠይቅ። ያን ቀን ማታ ባለቤቱ «ስንት ኪሎ ሆነ?» ስትለው በዓይኑ ያየውን የሚመልስበት ጊዜ ቀርቧል ማለት ነው።