ስለ ጠባቧ ቦታ ጉዳይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባችን ስለዚያች ባዶ ቦታ ብዙ ጭቅጭቅ እንደተነሣ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንዳስረዳ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ጸሐፊ ካደረጋችሁኝ ወዲህ በዚህ በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ወረቀት ተሸክሞ መመላለሱን ለምጄዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እኅታችን ለእናታቸው ቤት ሊሠሩ ብለው ያጠራቀሙትን አውጥተው ቁራሽ ቦታ ገዙ። ስፋቷ 25 ጫማ፣ ርዝመቷ 100 ጫማ፣ በጠቅላላው 2,500 ካሬ ጫማ ነች። የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቁ ግን ቦታዋ ለግብር መሰብሰቢያ ብቻ ቁጥር የተሰጣት መሆኗ ታወቀ። ቦታ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ይህችን ያዙልኝ! በዚህ ከተማ ከ800 ጀምሮ ያለው የቦታ ቁጥር የግብር ቁጥር ነው። ቤት ለመሥራት በከተማው ቀያሽ መዝገብ የሰፈረ ሪከርድ ሎት የሚባለው ያስፈልጋል። ግብር ይከፈልበታልና ቤት ይሠራበታል ማለት አይደለም።

ቦታዋን እዚያ መዝገብ ለማስገባት ደግሞ ልኳ መሙላት አለበት። ያለችበት ክልል በዞኒንግ ደንብ አር-2 ይባላል። እዚያ ለብቻው ለሚቆም ቤት ቢያንስ 40 ጫማ ስፋትና 4,000 ካሬ ጫማ ይጠየቃል። ስለዚህ ከደንቡ የተለየ ፈቃድ፣ ቫርያንስ የሚሉትን፣ ከዞኒንግ ማስተካከያ ቦርድ መጠየቅ ግድ ሆነ።

የመጀመሪያውን የድጋፍ ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። እኛ አገር አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ችግር ይዘረዘራል፣ ልጅ ይቆጠራል፣ ደጅ መጥናቱ ይነገራል። እኔም እናቲቱ አርጅተዋል፣ ልጃቸው ሌሊት ሠርተው ያድራሉ፣ ጸባያቸውም መልካም ነው እያልሁ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ለአንዲት የሰፈር ኮሚሽን አባል ባሳያቸው፣ አስተርጉመው ሰሙና «ደብዳቤው ጥሩ ነው፤ መሬቷ የታለች?» አሉኝ። አፈርሁ።

ለካ ቦርዱ የሚመረምረው መሬቱን እንጂ ሰውዬውን አይደለም! ሕጉ የሚለው፣ ቦታዋ ከሌላው ተለይታ የጠበበች ወይም ያጠረች፣ ቅርጿ የተበላሸ ወይም አቀማመጧ አስቸጋሪ መሆኗ ይታይ፤ በዚህም የተነሣ ደንቡ እንዳለ ቢፈጸም በባለቤቱ ላይ ልዩ ችግር የሚያደርስ ይሁን፤ ፈቃዱም ሕዝቡንና የደንቡን ዓላማ በብርቱ የማይጎዳ ይሁን ነው። ድህነትም ደግነትም እዚህ ውስጥ የሉም። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ጥያቄው የስፋትና የርቀት ሲሆን ማስረጃው ይቀላል። ቤቱን ደንቡ ለማይፈቅደው ሥራ ላውለው ለሚል ሰው ነው የሚከብደው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዲህ ብሎ ለይቶታል።

እስቲ አብረን እናስላ። ለብቻው የቆመ ቤት በግራና በቀኝ ስምንት ስምንት ጫማ ባዶ ይተው ይላል ደንቡ። ከ25 ላይ 16 ሲነሣ 9 ጫማ ይቀራል። ከዚያ ላይ የግድግዳው ውፍረት አለ። አልጋ በአግድሙ ቢዘረጋ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም፤ ደረጃውስ የት ይገባል? እንግዲህ መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር። የእናቲቱን የጉልበት ሕመም ምን አመጣው?

አሁን ወደ ጎረቤቷ ልምጣ። እርሱም የኛው አባል ነው፤ ወጥ ቤቴ ይጨልምብኛል ብሎ ተቃውሟል። በዚህ ምክንያት ቡና የማይጠራው ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ይህ ነውር ነው። ስለ ብርሃንና ስለ ርቀት የሚናገር ሰው ቦርዱ ሊሰማው የሚገባውን ነገር ነው የሚናገረው፤ ከኔ ደብዳቤ የተሻለ ተናግሯል። እኅታችንም ሰምተውት ፕላኑን አስለውጠዋል፤ በእርሱ በኩል ሊተው የነበረው 3 ጫማ አሁን 5 ሆኗል። በሌላውም በኩል 5 ተትቶ ቤቱ 15 ጫማ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ይሠራ ባይ ነኝ፤ እርሱ ግን ገና አልተስማማም፣ መብቱም ነው።

ከቦርዱ በፊት ጉዳዩ በሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ይታያል። ኮሚሽነሮቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ፣ በየ2 ዓመቱ የምንመርጣቸው ሰዎች ናቸው። በጽሑፍ ያሳለፉትን አሳብ ቦርዱ ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጠው ሕግ ያስገድደዋል፤ ባይቀበለው እንኳ ምክንያቱን ይጽፋል። ስለዚህ እዚያ መገኘት ይጠቅማል። ከቦታዋ 200 ጫማ ውስጥ ቤት ያላችሁ ደግሞ በፖስታ ማስታወቂያ ይደርሳችኋል፤ የሱቅ ወረቀት መስሏችሁ እንዳትጥሉት። በቦርዱ ፊት መናገር ፈልጎ እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ካለ አስቀድሞ ይንገረኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ መሠረት በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

አዲሱ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው፤ የቦታዋ ንድፍ ተያይዞበታል። ጠረጴዛው ላይ አለ። አንብባችሁ የተስማማችሁ ፈርሙ። ያልተስማማችሁ ምክንያታችሁን ንገሩኝ፤ እርሱንም ለብቻው ጽፌ ከዚሁ ጋር አቀርበዋለሁ።