ሕገ መንግሥት ያረቀቁት የመድፍ ተማሪ



በድንበር ነገር ተካሶ ዳኛ ፊት ያልቆመ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ዳኛው «ሕጉ እንዲህ ይላል» ሲል እናዳምጣለን። ታዲያ ሕጉን ማን ጻፈው ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ዛሬ የምናወራው የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ስላረቀቁት ሰው፣ ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው።

በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ከራስ መኰንን ጋር ሆነው የአድዋን ጦርነት አዩ። ከዚያ ሩሲያ ሄደው ተማሩ። የተማሩት ግን የመድፍ ትምህርት ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

በዚያ ዘመን የተጻፈ ሕግ ሲባል ፍትሐ ነገሥት ነበር። በግእዝ ስለሆነ የሚፈታው የተማረ ሊቅ ነው። ሌላው በሽማግሌና በልማድ ይዳኝ ነበር። ንጉሡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ ሕግ እንዲረቀቅ ሲያዙ፣ ተክለ ሐዋርያት ጃፓን በ1881 ዓ.ም. ያወጣችውን ሕግ መነሻ አድርገው 55 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት በአማርኛ ተዘጋጀ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ። እሳቸውም ትርጉሙን ለተሰበሰቡት መኳንንት በረጅም ንግግር አስረዱ። ሐምሌ ነው እንግዲህ፤ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩ ላይ ነበር።

ምን ይላል ሕጉ? ሰው ያለ ሕግ አይታሰር፣ ርስቱን አይነጠቅ፣ ቤቱ አይበርበር ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን «በሕግ ከተወሰነው በቀር» የምትል ቃል ትከተላለች። ትንሽ ትመስላለች እንጂ ሰፊ በር ናት፤ በዚያ በር የሚገባው ሕግ አውጪው ነው። ሕግ የሚያወጡትን እንደራሴዎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹሞች ይምረጧቸው ተባለ። በቅታችኋል ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? እዚህ ላይ እኛ ቅር ይለናል። ሕዝቡ እንደራሴ የመረጠው በ1950 ዓ.ም. ነው፤ 26 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን ጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟገቱ። አገሮች የተፈራረሙበት ሕግ ነበረ እኮ፤ አላዳነንም። ከዚያ ብዙ ዓመት በስደት ኖሩ። ሲመለሱም ሐረርጌ፣ ሂርና ላይ እርሻ ያዙ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ፤ በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ከሞቱ ከ29 ዓመት በኋላ ታትሞ ይነበባል።