ሰላዩ እንደ ገና መወለድ ያስፈልገዋልን?

(በንፋስ መውጫ ለተሰበሰቡ የሥነ ጽሑፍ መምህራን የቀረበ ንግግር)



በሥነ ጽሑፍ መምህራን ጉባኤ ፊት የፊልም ሰላይን ጉዳይ ማንሣት፣ ያውም በንፋስ መውጫ፣ ለአንዳንዱ አድማጭ ከቁም ነገር የራቀ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ከወረታ ተነሥቶ ጋይንትን አቋርጦ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው፣ ቻይናውያን በሠሩት መንገድ የተመላለሰው እህልና ጨው ብቻ አይደለም፤ የቪዲዮ ካሴትም ተመላልሶበታል። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያደገ ተማሪ፣ በክፍል ከሚማረው ልብ ወለድ አስቀድሞ ጄምስ ቦንድን ያወቀ እንደ ሆነ፣ ጀግና ማን ነው፣ ታሪክስ እስከ መቼ ይቀጥላል የሚለው ጥያቄ የመምህሩም ጥያቄ ይሆናል።

በሚከተለው ሐተታ የፊልሞቹና የመጻሕፍቱ ዘመን የተጠቀሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኢያን ፍሌሚንግ የተባለው እንግሊዛዊ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሩ የባሕር ኀይል የስለላ ክፍል ያገለገለ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን «ካዚኖ ሮያል»ን በ1953 አሳተመ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ «ዶክተር ኖ» የተባለው ፊልም ሾን ኮነሪን ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ እስከ 2021 ድረስ 25 ፊልሞች በአንድ የአምራች ቤት ተሠርተዋል፤ ስድስት ተዋንያንም ያንኑ ስም ተሸክመዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ተመልካቹ ሳይነገረው የተቀበለው ውል ነው። በ1962 ጐልማሳ የነበረ ሰው በ1995 ሽማግሌ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን አልሸመገለም። ፊቱ ይለወጣል፣ ዕድሜው ባለበት ይቆማል፣ ኀዘኑ ግን ይወረሳል። በ1969ኙ ፊልም ጆርጅ ላዘንቢ የተጫወተው ቦንድ ሚስቱ በሠርጋቸው ዕለት ተገደለችበት። ላዘንቢ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ ሄደ። በ1981 ግን ሮጀር ሙር በዚያችው ሴት መቃብር ላይ አበባ ሲያኖር ይታያል። ሌላ ሰው የቀበራትን እርሱ ያለቅሳታል፤ ተመልካቹም «ይህ ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ውል ግን ሁልጊዜ በቀላሉ አይጸናም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጉዱ ካሣ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ የሰማ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ራሱ ሲገልጥ እንኳ የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ኮነሪም ለቦንድ እንዲሁ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በመጀመሪያ የታገለው ከፊልሙ ጠላት ጋር ሳይሆን ከኮነሪ ጥላ ጋር ነው።

ታዲያ እንዲህ በመውረስ የኖረ ታሪክ ከሥር እንደ አዲስ መጀመር ለምን አስፈለገው? መልሱ የሚገኘው ሁለት ፊልሞችን በማነጻጸር ነው።

ከ1989 እስከ 1995 ለስድስት ዓመታት አዲስ የቦንድ ፊልም አልወጣም፤ ምክንያቱ በአብዛኛው የፍርድ ቤት ክርክር ነበር። በዚህ መካከል ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። የቦንድም እንጀራ ያው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና ብዙዎች አበቃለት ብለው ነበር። «ጎልደን አይ» በ1995 ሲወጣ ግን ታሪኩ ከዜሮ አልተጀመረም። ይልቁንም ጁዲ ዴንች የተጫወተችው አዲሲቱ አለቃ ሰላዩን ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ዘመኑ ያለፈበት የቀዝቃዛው ጦርነት ቅሪት መሆኑን ነገረችው። ተመልካቹ በልቡ ይዞት የመጣውን ክስ ፊልሙ ራሱ አስቀድሞ ተናገረው። በተከታታዩ ፊልም ታሪክ ውስጥ ከታዩት እድሳቶች ሁሉ ይህ የተሻለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ንግግር ብቻ ነውና የጠየቀው።

ሁለተኛው በ2006 የተሠራው «ካዚኖ ሮያል» ነው። ከእርሱ በፊት የወጣው የ2002 ፊልም ለዐይን የማይታይ መኪና እስከ ማሳየት ደርሶ ነበር፤ ከመስከረም 2001 በኋላ በነበረው ዓለም ይህ ጨዋታ ክብደት አጣ። ስለዚህ አምራቾቹ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንሥተው፣ ዳንኤል ክሬግን የመግደል ፈቃድ ገና የተቀበለ ጀማሪ አድርገው ታሪኩን ከሥር ጀመሩ። ሠመረላቸውም። የሚያስገርመው ግን ያቺው ጁዲ ዴንች በአለቃነት ወንበሯ ላይ መቀጠሏ ነው። ሰላዩ ተወልዶ ሳያበቃ አለቃው ከቀድሞው ዘመን ተርፋ ጠበቀችው። ከሥር ተነቅሏል የተባለው ዛፍ እንኳ አንድ ሥር ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

ይህ ለጋይንት ሰው እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። በዚሁ ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የቤተ ልሔም፣ የአጫብርና የቆማ ዜማ ይለያያል፤ ድጓው ግን የያሬድ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም ራሷ ይህንኑ ታሳያለች፤ አራት ማዕዘን የሆነውን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ኋላ የመጡት ሰዎች አላፈረሱትም፣ ክብ ቤት ከውጭ አለበሱት እንጂ። (ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር ማወዳደር ለሚከብደው አድማጭ ይቅርታ ይጠየቃል።)

ይሁን እንጂ አሁን የቀረበው ጥያቄ ከ2006ቱ ይከብዳል። በ2021 በወጣው ፊልም ቦንድ ሞተ። ስድሳ ዓመት ያህል ከሞት ሲያመልጥ የኖረ ሰው በሚሳይል ተመትቶ አለቀ። ስለዚህ የሚቀጥለው ፊልም እንደ አዲስ ይጀመር ወይስ አይጀመር ብሎ መከራከር ትርጕም የለውም፤ ሙት አይቀጥልምና። መጠየቅ ያለበት የሚጀመረው ነገር ምንነት ነው። የጀግናው ልጅነት ነውን? የወላጆቹ ሞት፣ የመጀመሪያ ግዳዩ? ይህ ሁሉ ከክሬግ ጋር ታይቶ ያለቀ ነው።

በአማርኛ ለዚህ ሥራ ያሉት ቃላት አንድ ፍንጭ ይሰጣሉ። «ሰላይ» የሚለው ቃል በጦርነት ታሪክ ሊከበር ይችላል፤ በጠላት ወረራ ዘመን ለአርበኞች ጥይትና ወሬ ያቀበሉት እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ስማቸው በምስጋና ይነሣል። «ጆሮ ጠቢ» ሲባል ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ጠጅ ቤት ውስጥ ጨዋታ ይቋረጣል። «ነጭ ለባሽ»ም እንዲሁ። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ በመመለስ ብዙ አንባቢ ያፈሩት፣ አንባቢው ሁለቱንም ቃላት ያውቅ ስለ ነበር ጭምር ይመስላል። በእንግሊዝም ቢሆን ጆን ለ ካሬ በ1963 ባወጣው ልብ ወለድ ሰላይን በገዛ አለቆቹ የተሸጠ የደከመ ሰው አድርጎ አሳይቷል። የቦንድ ፊልም ግን ጆሮ ጠቢውን ትቶ ሰላዩን ብቻ ያዘ። የሚሰማውን እንጂ የሚሰማበትን ሰው አላሳየም።

ለዚህም አንድ ማስረጃ ይበቃል። የ2006ቱ ፊልም መጀመሪያ ላይ ያለው ዝነኛ ሩጫ የሚካሄደው በማዳጋስካር ነው ይባላል። የተቀረጸው ግን በባሃማስ ነው። ከአፍሪካ የተፈለገው ስሟ ብቻ ነበርና ደሴት በደሴት ተተካች። ቦንድ ግንብ አፍርሶ፣ ኤምባሲ ሰብሮ፣ ሰው ገድሎ ሄደ፤ በዚያች ከተማ በማግሥቱ ማን ተጠየቀ፣ ማን ታሰረ የሚለውን ግን ፊልሙ ሊያውቀው አልፈለገም። በንፋስ መውጫ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ሁልጊዜ ከሚያሳድደው ጋር እንዲሮጥ ተደርጓል። እንደ አዲስ መጀመር ካለበት መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፤ ሰላዩ ከሄደ በኋላ በቀሩት ሰዎች ዐይን።

ይህን ለማድረግ አሁን ያለው ባለቤትነት ይመች እንደ ሆነ ያጠራጥራል። ለረጅም ዘመን ውሳኔው በብሮኮሊ ቤተሰብ እጅ ነበር፤ አባት ለልጅና ለእንጀራ ልጅ አወረሰ። አማዞን በ2022 ኤምጂኤምን ገዛ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ የፈጠራውም ሥልጣን ወደ ኩባንያው እንዲሻገር ተስማሙ። በዚያው ዓመት ዴኒ ቪልነቭ በአዘጋጅነት፣ ስቲቨን ናይት በደራሲነት ተሰየሙ። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን ቤተሰቡ በሁለት ፊልሞች መካከል ስድስት ዓመት መጠበቅን ያውቅበት ነበር፤ ነጋዴ ኩባንያ ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ በየዓመቱ ማየት ይሻል። «ጎልደን አይ»ን የወለደው ደግሞ ያ የግድ ዝምታ ነበር።

አዲሱ ፊልም ሲወጣ አጃቢ ሙዚቃው፣ ልብሱና መኪናው ብዙ ያስወራ ይሆናል። ተማሪዎቹን ይዞ ለሚመለከት መምህር ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ሰላዩ የሚያርፍበት አገር ሰዎች በፊልሙ ውስጥ ስም አላቸው ወይስ ከሩጫው መንገድ ዘወር የሚሉ አላፊ አግዳሚዎች ብቻ ናቸው?