የሹራብ ክርና ልቃቂት አያያዝ በቤት ውስጥ

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ክር ነው። ክር ስንል የሹራብ ክር፣ የዳንቴል ክር፣ በእንዝርት የፈተልነውም ልቃቂት ማለታችን ነው። "ክር ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?" የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ታገሡኝ። መጀመሪያ የእናቴን ነገር ላውራችሁ።

ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ሹራብ ለእኛ ጌጥ አልነበረም። እናቴ ሹራብ መሥራት ከጎረቤት ተምራለች። እጇ ፈጣን ነበር። ፊደል ግን አልቆጠረችም።

አንድ ዓመት ለታላቅ ወንድሜ ሹራብ ጀመረች። ክሩ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ገንዘቧ የበቃው ለ6 ጥቅል ነበር። ጀርባውን ጨረሰች። ደረቱንም ጨረሰች። እጅጌው ላይ ስትደርስ ክሩ አለቀ። እንቁላል ሸጣ ወደዚያው ሱቅ ተመለሰችና 4 ጥቅል ጨመረች። ሱቁ ጨለም ያለ ነው፤ ቀለሙ አንድ መሰላት። ሹራቡ አልቆ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ደረቱ ሌላ፣ እጅጌው ሌላ ሆነ።

ወንድሜ ለብሶት ትምህርት ቤት ሄደ። ልጆቹ "ባለ ሁለት ሹራብ" ብለው ስም አወጡለት። ከዚያ ወዲያ ከቤት ሲወጣ ይለብሰዋል፤ መንገድ ላይ አውልቆ ይደብቀዋል። እናቴ ይህን ያወቀችው ልጁ በሳል ከተኛ በኋላ ነው። ምን ታድርግ? ባለሱቁ አታለለኝ አለች። ያን ሱቅ ዳግመኛ አልረገጠችውም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እናቴም ተማረች። ፊደሉን ቆጠረች፤ ቁጥሩንም ለየች። አንድ ቀን ማታ ከሳጥኗ ሥር ሁለት የክር ወረቀቶች አወጣች። ትርፍራፊ ክር ጠቅልላባቸው ኖሯል። በኩራዝ አስጠግታ አነበበቻቸው። በአንደኛው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥርና በሁለተኛው ላይ ያለው ቁጥር አንድ አይደለም። ደግማ አነበበች። ከዚያ ዝም አለች። በማግስቱ ባለሱቁን ልትጠይቅ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ ክርን የሚያቀልመው በአንድ ጊዜ አይደለም። ዛሬ አንድ ጋን ሙሉ ያቀልማል፤ በሌላ ቀን ሌላ ጋን። ቀለሙ ያው ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ይደምቃል ወይም ጥቂት ይፈዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ንክር ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በጥቅሉ ወረቀት ላይ ይታተማል። አንድ ሹራብ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ጥቅል በአንድ ቁጥር መግዛት አለበት። ባለሱቁም ቢሆን ይህን ላያውቅ ይችላል። እናንተ ግን ዛሬ አወቃችሁ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የባዕድ ፊደል ነው። አትደንግጡ፤ ቁጥሩ ያው የምታውቁት ቁጥር ነው። 50 ወይም 100 የሚለው ክብደቱ ነው፤ ግራም ማለት ነው። ከእሱ አጠገብ የሚጻፈው ርዝመቱ ነው፤ በሜትር። ሁለት ጥቅሎች እኩል 50 ግራም ሆነው የአንዱ ክር ሊረዝም ይችላል። ረጅሙ ቀጭን ነው፤ አጭሩ ወፍራም ነው። የሁለት መርፌ ሥዕል ካለ ከሥሩ ያለው ቁጥር የመርፌው ውፍረት ነው፤ 4 ካለ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ውሃ የያዘ የገንዳ ሥዕልም አለ። በውስጡ 30 ከተጻፈ ውሃው ከ30 ዲግሪ በላይ አይሙቅ ማለት ነው። እጅ ከተሣለበት በእጅ ይታጠብ ነው።

ስለ መርፌ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ የእንግሊዝ መርፌ በእጃችሁ ካለ ቁጥሩ ያሳስታል። በዚያ ቁጥር 8 የሚባለው መርፌ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። እናቴ ግን መርፌ ሳታገኝ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ስላ የሠራችበትም ጊዜ ነበር! ሹራቡ ከመጥበቁ የተነሣ ብቻውን ይቆም ነበር።

ታዲያ ስንት ጥቅል እንግዛ? መጀመሪያ መሞከሪያ ሥሩ። 24 ዓይን ጀምሩና የእጅ መዳፍ የሚያህል ሥሩ። ዓይን የምለው መርፌው ላይ የሚሰካውን የክር ቀለበት ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉትና መሐሉ ላይ በሜትር ለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ዓይን ካለ ለ1 ሴንቲ ሜትር 2 ዓይን ነው። የልጁን ደረት ዙሪያ ለኩ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ሹራብ መጥበቅ የለበትም፤ 6 ጨምሩ። 66 ሆነ። ግማሹ ጀርባ ነው፤ 33 ሴንቲ ሜትር። 33 ጊዜ 2፣ 66። እንግዲህ ጀርባውን በ66 ዓይን ትጀምራላችሁ። ደብተራችሁ ላይ አስሉት።

ጀርባው ሲያልቅ ስንት ጥቅል እንደወሰደ ቁጠሩ። ደረቱም ያንኑ ያህል ይወስዳል። ሁለቱ እጅጌዎች ተደምረው ከጀርባው ብዙም አይርቁም። በእናቴ ሹራብ ጀርባው 3 ጥቅል ወሰደ። 3 ጊዜ 3፣ 9። ለአንገቱ 1 ሲጨመር 10። ጀርባውን በጨረሰች ቀን ይህን ብታሰላ ኖሮ ያ ቁጥር ከሱቁ ሳያልቅ በደረሰችበት ነበር።

ገንዘብ ካልሞላ ግን ምን ይደረጋል? ይህ የብዙዎቻችን ችግር ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። አንደኛ፣ ባለሱቁን ያንኑ ቁጥር እንዲያስቀምጥላችሁ ለምኑት፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከተለያየ ድንገት አትቀይሩ። ሁለት ረድፍ ከአሮጌው ጥቅል፣ ሁለት ረድፍ ከአዲሱ እያፈራረቃችሁ ጥቂት ሂዱ፤ ልዩነቱ ለዓይን ይጠፋል። ሦስተኛ፣ አንገቱንና የእጅጌውን ጫፍ ፈጽሞ በሌላ ቀለም ሥሩት። ቀይ በሰማያዊ ላይ ቢሆን ማንም ስሕተት ነው አይልም፤ ያምራል ይላል።

አሁን ወደ ማስቀመጡ እንምጣ። የሱፍ ክር ጠላት ብል ነው። የምትበላው የምትበረዋ ትንሽ ቢራቢሮ አይደለችም። እንቁላሏን በክሩ ላይ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ነው የሚበላው። ትሉ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ይወዳል። ላብና እድፍ ያለበትን ሱፍ ደግሞ አብልጦ ይወዳል። ስለዚህ ሱፍ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ። በየወሩ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት፤ አራግፉት። ለብል የሚሸጠውን ነጭ እንክብል የምትጠቀሙ ከልጆች አርቁት። ከረሜላ ይመስላቸዋል፤ መርዝ ነው።

ጥጥን ብል እንደ ሱፍ አያጠቃውም። የጥጥ ጠላት እርጥበትና አይጥ ነው። ባዘቶና አመልማሎ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ መሬት ላይ ከተቀመጠ አይጥ ልጆቿን ትወልድበታለች። ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ግድግዳውንም አያስነኩት።

እናቶች የምትፈትሉትን ልቃቂትም በየዓይነቱ ለዩት። ድሩ ቀጠንና ጠንከር ይላል፤ ማጉ ላላና ወፈር ይላል። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የምለው አምና የተፈተለውንና ዘንድሮ የተፈተለውን አትደባልቁ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ብዙ ክር ይፈልጋል፤ እየፈተሉ ማጠራቀም ግድ ነው። ታዲያ ቁራጭ ወረቀት ላይ "ድር፣ 2ኛ ዓመት" ብሎ ጽፎ ከረጢቱ ላይ ማሰር ምን ይከብዳል? ሸማኔው ቀጭኑንና ወፍራሙን ተደባልቆ ሲያገኘው ጋቢው ሸንተረር ያወጣል፤ ከዚያ ከሸማኔው ጋር ክርክር ይመጣል።

ከሰልባጅ ሹራብ ክር ማውጣትም ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ጫፉ በመቀስ ተቆርጦ በመኪና የተሰፋ ከሆነ ተዉት፤ ሲተረተር በቁርጥራጭ ይወጣል። ሁለት ሙሉ ጠርዞች በክር ብቻ የተያያዙ ከሆነ ግን ስፌቱን ፍቱት፤ ክሩ እስከ መጨረሻው ይመዘዛል። የተመዘዘው ክር የተጠማዘዘ ነው። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልሉት፤ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፤ በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት። ሲደርቅ ይቃናል። ሱፍን በሙቅ ውሃ አታሹ፤ ይጠጥርና ይጠባል፤ አይመለስም። ወደ ጥቅል ስትመልሱትም አታጥብቁ። ተለጥጦ የተሠራ ክር ከታጠበ በኋላ ይሰበሰባል፤ ሹራቡ ልጁን አይበቃውም።

ወረቀት የሌለው ክር ሱፍ ይሁን ናይለን እንዴት ይታወቃል? አጭር ቁራጭ በወረንጦ ያዙና ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ክብሪት አስነኩት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱ በጣት ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል። ናይለን ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ይህን ማወቅ ለወግ አይደለም። ቀልጦ ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ እሳት ዳር ለሚውል ልጅ አደገኛ ነው። በእንጨት በምታበስሉበት ቤት ለሕፃን ሹራብ የሱፍ ክር ምረጡ።

አሁን ራሴን ልክሰስ። እኔ ገበያ ወጥቼ ቆንጆ ክር ካየሁ አላልፍም። ባለቤቴ "ለማን ነው?" ሲለኝ "ይኖራል" እላለሁ። ይኖራል የተባለው ክር አምስት ዓመት ይኖራል! ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ሲያረጅ ማለት ነው። አሁን በየጳጉሜኑ ቤት ሳጸዳ ሁሉንም ምንጣፍ ላይ አወጣለሁ። ለሙሉ ልብስ የሚበቃውን ለብቻ፣ ለልጅ ቆብ ወይም ካልሲ የሚበቃውን ለብቻ፣ ትርፍራፊውን ለብቻ። ለልጅ ቆብ 50 ግራም አካባቢ ይበቃል። ትርፍራፊው በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሠራበታል። 8 ወደ ጎን፣ 6 ወደ ታች ብትገጣጥሙ 48 ይሆናል። 120 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ ወጣ ማለት ነው። ሱፉንና ጥጡን ግን አታጋቡ፤ ሲታጠብ አንዱ ይሰበሰባል፣ ሌላው ይቀራል።

"አንዱን ሳትጨርሺ ሌላ አትጀምሪ" የሚሉ አሉ። እኔ ሁለት ይፈቀዳል ባይ ነኝ። አንዱ ከባዱ ነው፤ እየቆጠሩ የሚሠሩት፣ ቤት የሚቀር። ሁለተኛው ቀላሉ ነው፤ ቡና ላይ እየተጨዋወቱ የሚሠሩት። ሦስተኛ ከተጀመረ ግን ሦስቱም አያልቁም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ሥራ ስታቋርጡ የደረሳችሁበትን ጻፉ። እናቴ ሳትማር በየ10 ረድፉ አንዲት ሽምብራ ጣሳ ውስጥ ትጥል ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ቆጠራውን ቆርጥማ በላችው! ከተማረች በኋላ ግን እንዲህ ትጽፍ ነበር፦

ሹራብ ለትልቁ ልጅ።
ክር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ 10 ጥቅል። ቁጥሩ አንድ ነው።
መርፌ፣ 4።
ዓይን፣ 66።
ጀርባው፣ ረድፍ 48 ደርሷል።

ይህን ሹራብ የሠራችው ለዚያው ወንድሜ ነው። በዚያን ጊዜ አድጎ ነበር፤ ዓይኑ 66 አልበቃውምና መሐል ላይ ፈትታ እንደገና ጀመረችው። ደብተሩ ላይ 66 ተሰርዞ 84 ተጽፏል። ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው።

እስቲ አሁን በቤታችሁ ያለውን አንድ የክር ጥቅል አምጡ። ወረቀቱን አዙሩና ክብደቱን፣ ርዝመቱን፣ የቀለሙን ቁጥር ፈልጋችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ሦስቱን ያላገኘ ጎረቤቱን ይጠይቅ።