ጎማው ሲከዳ ተጠያቂው ማን ነው?



ጁን 19 ቀን 2005 በአሜሪካ፣ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ለፎርሙላ አንድ የመኪና እሽቅድምድም ከቀረቡት 20 መኪናዎች የተወዳደሩት 6 ብቻ ነበሩ። ከሁለት ቀን በፊት በልምምድ ላይ ራልፍ ሹማከር የኋላ ጎማው ከድቶት ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ነበር። የጎማው አቅራቢ ሚሸሊንም «በ13ኛው ኩርባ ፍጥነት ካልተቀነሰ ጎማችን አያስተማምንም» ሲል አስታወቀ። የውድድሩ የበላይ አካል ግን መንገዱን አልለውጥም አለ። በሚሸሊን ጎማ የሚሄዱት 14ቱ መኪናዎች ሳይወዳደሩ ወጡ፤ ተመልካቹም እጅግ ተቆጣ።

ጥፋቱ የማን ነው? ለኩርባው የማይበቃ ጎማ ያመጣው አቅራቢው ነው። ሆኖም ጉድለቱን ሳይደብቅ መናገሩና የተመልካቹን የቲኬት ገንዘብ ለመመለስ መነሣቱ ሊነገርለት ይገባል። የሻጭ ኃላፊነት ገንዘብ በመቀበል አያበቃምና።